ቤትን የሚጎዳው ሥሩ ነው ወይስ ውሃው? የግቢ ተክል አተካከል በሰሜን ሸዋ

በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ በሰሜን ሸዋ ከተሞች የችግኝ ወሬ ይበዛል። የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ችግኝ ማግኘት ቀድሞ ከነበረው ቀሏል፤ ከተራራና ከተፋሰስ ተከላ የተረፈውም ወደየግቢው ገብቶ ከአጥር ሥር፣ ከበር ግራና ቀኝ፣ ከመስኮት ፊት ለፊት ይተከላል። የተከላ ዘመቻ የተተከለውንና የጸደቀውን ይቆጥራል። ችግኙ ከግድግዳ ስንት ሜትር ርቆ እንደተተከለ የሚጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ጥያቄው የሚነሣው ከዓመታት በኋላ፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ወይም የመጸዳጃ ቱቦው ሲዘጋ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከትናንት ይልቅ አሳሳቢ የሆነበት ምክንያት አለው። ደብረ ብርሃንን የመሳሰሉ ከተሞች በዙሪያቸው ወዳለው የእርሻ መሬት እየሰፉ ነው፤ ቀድሞ ገብስና ባቄላ ይዘራበት በነበረ ማሳ ወይም ባሕር ዛፍ በተመነጠረበት መሬት ላይ የብሎኬት ቤት ይሠራል። ቦታውም ከቀድሞው ሰፊ ጓሮ ጋር ሲነጻጸር ጠባብ ነው። የቀድሞው ባለ ርስት ባሕር ዛፉን ከቤቱ ርቆ በገደል አፋፍ ወይም በማሳ ዳር የመትከል ዕድል ነበረው። 10 በ20 ሜትር በሆነ የከተማ ቦታ ላይ ግን ቤት፣ ማድ ቤት፣ መጸዳጃና አጥር ከተሠራ በኋላ የሚተርፈው መሬት ሁሉ ከአንድ ግድግዳ አጠገብ ነው፤ የራስ ግድግዳ ካልሆነ የጎረቤት ነው።

በግቢ ተክል ምክንያት በቤት ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአመዛኙ የሚመጣው ሥር መሠረትን ሰብሮ በመግባቱ አይደለም፤ ተክሉና አተካከሉ በአፈር ውስጥ ያለውን ውሃ በመለወጣቸው ነው። ስለዚህ "ይህ ዛፍ ለቤት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?" ብሎ ከመጠየቅ በፊት "ቤቱ የቆመበት አፈር ምንድን ነው? ውሃውስ በየት ገብቶ በየት ይወጣል?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በሰሜን ሸዋ ይህ ጥያቄ የተለየ ክብደት አለው። ከ1,300 ሜትር ብዙም ከማይርቀው የሸዋ ሮቢት ቆላ እስከ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ከጅሩ ጥቁር አፈር እስከ ደብረ ሲና ተዳፋት ያለው ልዩነት ሰፊ በመሆኑ፣ ለአንዱ ከተማ የሚበጅ ምክር በሌላው ከተማ ጥፋት ሊያመጣ ይችላል።

ሥር የሚችለውና የማይችለው

ሥር ድንጋይ ይሰነጥቃል የሚለው እምነት ሰው በዓይኑ ካየው ነገር የመጣ ነው፤ ሾላ ወይም ዋርካ ከአለት መሐል ወጥቶ ሲያድግ ያላየ የለም። ይሁን እንጂ ሥሩ ስንጥቁን አልፈጠረውም፤ ተሰንጥቆ አግኝቶት ገባበት እንጂ። የሥር ጫፍ ለስላሳ ነው፤ የሚያድገውም እርጥበት፣ አየርና ልል አፈር ወዳለበት አቅጣጫ ነው። ያልተሰነጠቀ የኮንክሪት መሠረት ወይም በሲሚንቶ በደንብ የተገነባ የድንጋይ መሠረት ሲገጥመው አብዛኛውን ጊዜ ዞሮ ያልፋል። ጉልበት የሚያገኘው ከዓመት ወደ ዓመት ሲወፍር ነው፤ ያን ጊዜም የሚያነሣው በላዩ ብዙ ክብደት የሌለበትን ነገር፣ ማለትም የግቢ ንጣፍን፣ ኮብልስቶንን፣ የበረንዳ ደረጃን፣ የአጥር ግንብንና የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳንን ነው። ሙሉ ቤት የተጫነበትን መሠረት ገፍቶ ለማንሣት ያለው አቅም ውስን ነው።

በእኛ አካባቢ ግን ይህን አባባል የሚያጠብ አንድ ነገር አለ። በመንዝና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ከቆዩት ቤቶችና አጥሮች ብዙዎቹ በጭቃ ምርግ የተያያዙ የድንጋይ ግንቦች ናቸው። ለሥር ይህ ጭቃ ያው አፈር ነው፤ ዝናብ ሲያርሰው በድንጋዮቹ መሐል ሰተት ብሎ ይገባል፤ ሲወፍርም ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ያፈናቅላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ከሩቁ ትልቅ ዛፍ ይልቅ በግድግዳው ላይ የሚወጣው ሐረግና ወፍ በኩሷ ከጣለችው ፍሬ በግንቡ መሐል የሚበቅለው የሾላ ቡቃያ ያሰጋሉ። እንዲህ ያለው ቡቃያ እንደ ጣት ሳይወፍር በእጅ ተነቅሎ ይወጣል። ከወፈረ በኋላ ግን ድንጋይ ሳይነቃቀል አይወጣም።

ብዙ ሰው የሚስትበት ሌላው ነገር የሥር ጥልቀትና ስፋት ነው። ዛፍ ወደ ላይ ያደገውን ያህል ወደ ታች ይወርዳል ተብሎ ይታሰባል። እውነቱ አብዛኛው የዛፍ ሥር የሚገኘው በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ መሆኑ ነው፤ ወደ ጎን ደግሞ ከቅርንጫፉ ጥላ ወሰን አልፎ ብዙ ጊዜ የጥላውን ሁለትና ሦስት እጥፍ ይጓዛል። ስለዚህ "ጥላው ቤቴን አይነካም" የሚል ሰው የዛፉ ሥር ከመሠረቱ ጎን ያለውን ውሃ እየጠጣ መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

ጥቁሩ አፈር

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በጥቁር አፈር ላይ በተሠሩ ከተሞች ነው። በእነዋሪ፣ በደነባና በአካባቢያቸው ያለው መረሬ ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ሸክላ የበዛበት አፈር ነው። በበጋው መጨረሻ ማሳው ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። መሬቱ ራሱ በዓመት ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ በላዩ የቆመው ቤትም አብሮት ይንቀሳቀሳል። መሐንዲሶች በእንዲህ ዓይነት ቦታ ጥቁሩን አፈር አውጥተው ገረጋንቲ ሞልተው እንዲጠቀጠቅ የሚያዙት ለዚሁ ነው።

ዛፍ ወደዚህ ሥዕል ሲገባ የቤቱን አንድ ጎን ብቻ የሚያደርቅ ፓምፕ ይሆናል። ቤቱ በአራቱም ማዕዘን እኩል ቢወርድና እኩል ቢነሣ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ባሕር ዛፍ ከአንዱ ማዕዘን አጠገብ ሲቆም ግን በዚያ በኩል ያለው አፈር ከሌላው ይልቅ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፤ ማዕዘኑም ወደ ታች ይሰምጣል። ምልክቱ የታወቀ ነው፤ ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ በብሎኬቱ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ የሚሰበር ስንጥቅ ይታያል፤ በሩ አልገጥም ይላል፤ የወለሉ ሲሚንቶ ከግድግዳው ይለያያል።

ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር ከገባ ወዲህ ለሸዋ ደጋ የዋለው ውለታ የሚካድ አይደለም፤ የጭቃ ቤቱ ቋሚና ማገር፣ የምድጃው እንጨት፣ የብዙ ገበሬ የችግር ጊዜ ጥሪት እርሱ ነው። ደጋ ላይ የሚበዛው ነጭ ባሕር ዛፍ ካልተቆረጠ ከ30 ሜትር በላይ ያድጋል፤ ውሃ የመሳብ አቅሙም ከፍተኛ ነው። በጥቁር አፈር ላይ እንዲህ ያለ ዛፍ ከቤት ቢያንስ ሲያድግ የሚደርስበትን ቁመት ያህል መራቅ አለበት የሚለው ልማዳዊ መለኪያ ተገቢ ነው። መለኪያው ተገቢ ከሆነ ደግሞ መደምደሚያው ግልጽ ነው፤ በጥቁር አፈር ላይ ባለ የከተማ ቦታ ባሕር ዛፍ የሚተከልበት አንዳችም ጥግ የለም። በየሦስትና በየአራት ዓመቱ የሚቆረጥ ከሆነ ቁመቱ ስለሚገደብ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ግን ጉቶው እየሰፋ፣ ሥሩም እየቆየ ስለሚሄድ አደጋው ከእነአካቴው አይጠፋም።

ስንጥቅ ያየ ሰው ሁሉ ዛፉን ለመቁረጥ መጥረቢያ ማንሣት የለበትም። መጀመሪያ ስንጥቁ መጠናት አለበት። በስንጥቁ ግራና ቀኝ በእርሳስ ምልክት አድርጎ፣ ርቀቱን በማስመሪያ ለክቶ፣ ቀኑን እዚያው ግድግዳ ላይ መጻፍ ወጪ የለውም። ስንጥቁ በበጋው መጨረሻ የሚሰፋና ከክረምቱ በኋላ የሚጠብ ከሆነ ምክንያቱ የአፈሩ መድረቅና ማበጥ ስለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው። በተቃራኒው በክረምት የሚሰፋ ከሆነ ውሃ ከመሠረቱ ሥር እየገባ አፈሩን እያላላ ወይም እያሳበጠ ሊሆን ይችላል። በበጋም በክረምትም ሳያቋርጥ የሚሰፋ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ከዛፍ ይልቅ የመሠረቱ አሠራር ወይም ሙሌቱ ሊሆን ስለሚችል መሐንዲስ ሊያየው ይገባል። ስፋቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ያለፈ ስንጥቅ ሲገኝም የዓመቱን ዙር መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወዲያው ባለሙያ መጥራት ነው። ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው የልስን ስንጥቅ ግን ከሲሚንቶው አደራረቅም ሊመጣ ይችላል፤ ብቻውን ዛፍ አያስፈርድበትም።

የመቁረጥ ጉዳይ ራሱ ሁለት መልክ አለው፤ ልዩነቱን የሚወስነው ከዛፉና ከቤቱ ቀድሞ በቦታው የነበረው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ዛፉ ከቤቱ በኋላ የተተከለ ከሆነ መቁረጡ አፈሩን ቤቱ ሲሠራ ወደነበረበት እርጥበት ስለሚመልሰው ብዙ ጊዜ ችግር አያመጣም፤ የሰመጠው ማዕዘን በመጠኑ ሊመለስም ይችላል። ዛፉ ከቤቱ በፊት የነበረ ከሆነ ግን ቤቱ የተሠራው በደረቀና በተኮማተረ አፈር ላይ ነው። ዛፉ ሲቆረጥ ውሃውን የሚጠጣው ስለሌለ አፈሩ በተከታታይ ክረምቶች ቀስ በቀስ ያብጣል፤ ወለሉንና መሠረቱንም ወደ ላይ ይገፋል። ይህ ማበጥ ከመስመጡ ይልቅ ለመጠገን የሚያስቸግር ነው።

ባሕር ዛፍ ተመንጥሮ ወዲያው ቤት በሚሠራባቸው አዳዲስ ሰፈሮች ይህ ነጥብ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት ይገባል። በጥር ተቆርጦ በመጋቢት መሠረት ከተቆፈረ ቤቱ በደረቁ አፈር ላይ ያርፋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ደግሞ አፈሩ ያብጣል። ከተቻለ ጉቶውና ወፋፍራሙ ሥር ተነቅለው ቦታው ቢያንስ አንድ ክረምት፣ ቢሻል ሁለት ክረምት ሳይሠራበት ቢቆይ ጥሩ ነው። መቆየት የማይቻል ከሆነ፣ የቤት ኪራይ እየከፈለ የሚሠራ ሰው መቆየት እንደማይችል ግልጽ ነውና፣ ጥቁሩን አፈር በጥልቀት አውጥቶ በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ መተካትና የመሠረቱን ማሠሪያ ማጠንከር ግድ ይሆናል። ይህ ወጪ ከቤቱ ግንባታ ጋር ሲነጻጸር ይከብዳል፤ ግን በኋላ ከሚመጣው ጥገና ይቀላል።

አበባው ከግድግዳው ሲጠጋ

ስለ ትልልቅ ዛፎች ብዙ ይወራል፤ ትንንሾቹ ተክሎች የሚያደርሱት ጉዳት ግን ብዙም አይታይም። በደብረ ብርሃንም ሆነ በሌሎቹ ከተሞች የተለመደው አሠራር በግድግዳው ሥር ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሮ፣ ለም አፈርና ፍግ ሞልቶ አበባ መትከል ነው። ያምራል። ነገር ግን በዚህ መደብ ምክንያት አፈሩ ከመሠረቱ ድንጋይ በላይ ከፍ ብሎ ግድግዳውን ይነካል፤ ጽጌረዳው ጠዋት ማታ ሲጠጣ ግድግዳውም አብሮ ይጠጣል። ብሎኬት እርጥበትን ወደ ላይ ይስባል፤ ልስኑ ያብጣል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ በቤቱ ውስጥ ሻጋታ ይታያል። የጭቃ ቤት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ከመላጥ ያልፋል፤ የምርጉ ታችኛው ክፍል ረጥቦ ይፈርሳል፣ የቋሚዎቹም እግር ይበሰብሳል።

የጣሪያ ጠፈጠፍ ጉዳቱን ያባብሰዋል። አሸንዳ የሌለው የቆርቆሮ ክዳን በክረምት የሚያወርደው ውሃ የሚያርፈው በትክክል ይህ የአበባ መደብ ባለበት መስመር ላይ ነው፤ መደቡ ዙሪያው በድንጋይ የታጠረ ስለሆነም ውሃው መውጫ አጥቶ ወደ መሠረቱ ይሰርጋል። መፍትሔው ውድ አይደለም። በቤቱ ዙሪያ ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር የሚሰፋ፣ ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ የሲሚንቶ ወይም የተጠቀጠቀ ጠጠር ንጣፍ መሥራት፣ ከዚያም ባሻገር መሬቱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሜትሮች ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ እንዲሄድ ማድረግ፣ ውሃውንም በቦይ ወደ መንገዱ ዲች ማውጣት ነው። የአበባው መደብ ከዚህ ንጣፍ ውጭ ይሆናል። በግድግዳው ጎን የሚቀረው ማንኛውም አፈር ከልስኑ ግርጌ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ ማለፍ ይከብዳል። የእነዋሪ ገበሬ ጥቁር አፈር ውሃ እንዳይዝበት በእጁ ሰፊ መደብና ቦይ እየሠራ የመዝራት የቆየ ሙያ አለው፤ የግብርና ተመራማሪዎችም ይህን አሠራር አጥንተውታል። ውሃ በመረሬ ላይ ሲቋጥር ስንዴና ምስር እንደሚያጠፋ የሚያውቅ ሕዝብ፣ ያንኑ ውሃ በመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ሥር በአበባ መደብ አጥሮ ሲያስቀምጠው ማየት ያስገርማል። ዕውቀቱ አለ፤ ከማሳ ወደ ግቢ አልተሻገረም እንጂ።

ቱቦ፣ ጣሪያና ምስጥ

የፍሳሽ ቱቦ ነገር በአጭሩ ሊነገር የሚችል ነው። ሥር ያልተበሳ ቱቦ አይበሳም፤ መጋጠሚያው የሚያፈስ ቱቦ ግን በበጋ ብቸኛው የውሃ ምንጭ ስለሚሆን ሥር ወደዚያ ያድጋል፣ በቀዳዳውም ገብቶ እንደ ጸጉር በዝቶ ይዘጋዋል። በሙጫ በደንብ የተያያዘ የፕላስቲክ ቱቦ ከሲሚንቶ ቱቦ የተሻለ ነው፤ ይህም ቢሆን የሚጠቅመው ሲቀበር መጋጠሚያው ከተፈተሸ ነው። ድንጋዩ ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ የመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ ዛፍ መትከል ጉድጓዱን ለሥር መስጠት ነው፤ የደረደሩትን ድንጋይ ገፍቶ ያፈርሰዋል። ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከሴፕቲክ ታንከር ትልልቅ ዛፎች ቢያንስ 10 ሜትር ቢርቁ ይመረጣል፤ በላዩ ላይ ሣር እንጂ ቁጥቋጦም ባይኖር ይሻላል።

ጣሪያን በተመለከተ የባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ቅጠል አሸንዳ ውስጥ ይከማቻል፤ አሸንዳው ሲሞላ ውሃው ወደ ግድግዳው ይመለሳል፤ እርጥብ ቅጠል የተኛበት ቆርቆሮም ቶሎ ይዝጋል። አሸንዳን ከክረምት በፊት በግንቦት መጨረሻ አንድ ጊዜ፣ በክረምቱ መሐል ደግሞ ሌላ ጊዜ መጥረግ ይበቃል። ቅርንጫፍ ከጣሪያና ከመብራት ሽቦ ቢያንስ ሁለት ሜትር እንዲርቅ ተደርጎ መመልመል አለበት፤ ከሽቦ ጋር የተነካካውን ግን ባለቤቱ ራሱ ሳይሆን የመብራት ኃይል ሠራተኞች ይቁረጡት። የሁለቱም ዛፎች ቅጠል ዘይት ያለው በመሆኑ በበጋ ማድ ቤት አጠገብ ተከምሮ ሲደርቅ ለእሳት የተመቻቸ ነው።

ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ አጣዬና በዙሪያቸው ወዳለው ቆላ ሲወረድ ሥዕሉ ይለወጣል፤ እዚያ ዋናው ጠላት ምስጥ ነው። ምስጥ እርጥበትና ተሸፍኖ የሚሄድበት መንገድ ይፈልጋል። በግድግዳ ሥር የተከመረ ገለባ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ የደረቀ ጉቶ፣ ግድግዳውን ጋርዶ የሚያድግ ቁጥቋጦ ሁሉ መንገድ ይሰጡታል። ምስጥ ከመሬት ወደ ቋሚው ሲወጣ የሚሠራው የአፈር መስመር የሚታየው ግድግዳው ሥር ክፍት ሲሆን ነው፤ አበባ ከጋረደው ግን የሚታወቀው በሩ ከነመቃኑ ሲወድቅ ነው። ስለዚህ በቆላው ከተሞች ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ባዶና ደረቅ መሬት መተው ከማንኛውም ፀረ ምስጥ መድኃኒት በፊት የሚመጣ ጥንቃቄ ነው። ሙዝ ለጓሮ ይመቻል፤ ግን ውሃ በብዛት ስለሚጠጣ ከቤቱ ግድግዳ ጥግ ሳይሆን የመታጠቢያ ውሃ ተስቦ በሚወርድበት የግቢ ጫፍ ቢተከል ይሻላል።

መቁረጥ የሚከፋበት ቦታ

እስከ አሁን የተባለው ሁሉ ዛፍን ከቤት ማራቅን የሚደግፍ ይመስላል። በደብረ ሲና፣ በአንኮበርና በጣርማ በር ሥር ባሉ ተዳፋቶች ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ በደብረ ሲና አካባቢ የደረሰው ሰፊ የመሬት መንሸራተት ብዙ ቤተሰቦችን አፈናቅሏል፤ አካባቢው ለእንዲህ ዓይነቱ አደጋ የተጋለጠ መሆኑም በጥናት የታወቀ ነው። በጥልቅ ለሚንሸራተት ተራራ የግቢ ዛፍ መድኃኒት አይሆንም። ከቤት በላይ ወይም በታች ያለውን ጥልቀት የሌለውን የላይኛውን አፈር ግን ሥር አያይዞ ይይዘዋል፤ ውሃውንም ስለሚጠጣ ተዳፋቱ እንዳይከብድ ያግዛል።

በተዳፋት ላይ የቆየ ዛፍ ሲቆረጥ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። የተቆረጠው ዛፍ ሥር በአፈር ውስጥ ሳለ ለጥቂት ዓመታት መያዙን ይቀጥላል፤ ሲበሰብስ ግን ተዳፋቱ መያዣ አልባ ይሆናል፤ ሥሩ የነበረበትም መስመር የውሃ መግቢያ ይሆናል። ስለዚህ በእነዚህ ቦታዎች ለቤት ያሰጋል የተባለ ዛፍ ከመቆረጡ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ተተኪው በአጠገቡ መተከል አለበት፤ ከተቆረጠም ጉቶው መነቀል የለበትም። ከፍ ካለው ጎን ውሃ ወደ ቤቱ እንዳይመጣ የሚያስቀይስ ቦይ፣ ከዝቅተኛው ጎን ደግሞ ውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ያለው የድጋፍ ግንብ ከማንኛውም ዛፍ በላይ ቤቱን ይጠብቃሉ። ማስተንፈሻ የሌለው ግንብ ከጀርባው ውሃ እያጠራቀመ ራሱ ይገነደሳል፤ ግንበኞች ወጪ ለመቆጠብ ሲሉ ቀዳዳውን የሚተዉት ብዙ ጊዜ ነው።

ምን፣ የት

ለመትከል ያሰበ ሰው ከችግኙ ቁመት ሳይሆን ዛፉ ሲያድግ ከሚደርስበት ቁመት መነሣት አለበት። ደረቅና ልል አፈር ላይ ያለ ቤት ከጥቁር አፈሩ የተሻለ ነፃነት አለው፤ እዚያ መካከለኛ ዛፍ ከአምስትና ከስድስት ሜትር ጀምሮ ሊተከል ይችላል። በደብረ ብርሃን ዓይነት ውርጭ ባለበት ደጋ ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ በመሆኑ ለግቢ የሚመች ነው፤ ትሪ ሉሰርን የተባለው የመኖ ተክል ቁመቱ መለስተኛ ስለሆነ፣ ከብትም ስለሚበላው ሦስት አራት ሜትር ርቆ ቢተከል አያሰጋም፤ አፕልም እንዲሁ። ኮሶ የአገር ዛፍ ነውና መትከሉ የሚያስመሰግን ቢሆንም ትልቅ ስለሚሆን ለትምህርት ቤትና ለቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንጂ ለጠባብ ግቢ አይሆንም። ዲኮረንስ የሚባለው ከውጭ የመጣ የግራር ዓይነት ፈጥኖ ያድጋል፤ ሥሩ ግን ወደ ላይ የቀረበ በመሆኑ ነፋስ ይጥለዋል። በቆላው ሎሚና ብርቱካን ከሦስት እስከ አራት ሜትር፣ ፓፓያ በዚያው ልክ፣ ማንጎና ኒም ግን ከስምንት ሜትር በላይ ቢርቁ ጥሩ ነው። ለግድግዳው ቅርብ የሚሆኑት ሥራቸው አጭርና ውሃ ብዙ የማይፈልጉት ጤና አዳም፣ አሪቲና ጦስኝ ናቸው፤ እነሱም ከሲሚንቶው ንጣፍ ወዲያ ይሁኑ።

የፈረንጅ ጥድ አጥር ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። በየዓመቱ ተቆርጦ በሁለት ሜትር ቁመት የተያዘ የጥድ አጥር ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ነፋሱንም ይሰብራል። ባለቤቱ ቦታ ሲቀይር ወይም ሲሰለች ግን ያው አጥር በጥቂት ዓመት ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ረጃጅም ዛፎች ረድፍ ይሆናል፤ አንዴ ከረዘመ በኋላ ደግሞ ወደ ግንዱ ሲቆረጥ እንደ ባሕር ዛፍ አያቆጠቁጥም፣ ደርቆ ይቀራል። ሁልጊዜ ሊከረክመው የማይችል ሰው ጌሾን ወይም ሌላ ቁጥቋጦን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ጠባብ ቦታ ላይ የሚተከል ዛፍ ግማሹ የጎረቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለ ይዞታ በመሬቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን መጉዳት ወይም ማወክ እንደማይገባው ይደነግጋል፤ ስለዚህ "በግቢዬ የተከልኩት ነው" የሚለው መልስ በሕግ ፊት ብቻውን አይበቃም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ግን ስንጥቁ በዛፉ ምክንያት መምጣቱን ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ ከላይ የተጠቀሰው ቀን የተጻፈበት የስንጥቅ ልኬት እዚህ ላይ ዋጋ አለው። ሽማግሌ ሲቀመጥም ቢሆን ልኬቱን ይዞ የመጣ ሰው ነገሩን ያሳጥረዋል። አዲስ አጥር በጋራ ሲሠራ ከአጥሩ በምን ያህል ርቀት ምን ዓይነት ዛፍ እንደሚተከል በዚያው ውል ላይ ማስፈር ደግሞ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

አሁን በቦታው ላለ ዛፍ የመጨረሻው አማራጭ መቁረጥ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ቅርንጫፉን በየዓመቱ በመጠኑ መመልመል የሚጠጣውን ውሃ ይቀንሳል። በዛፉና በቤቱ መሐል ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር የሚጠልቅ ጠባብ ቦይ ቆፍሮ፣ ወፍራም ላስቲክ ወይም አሮጌ ቆርቆሮ አቁሞ መልሶ መድፈን ሥሩን ለዓመታት ያዘገየዋል፤ ቆርቆሮው ሲዝግ መለወጡ አይቀርም። ቦዩ ሲቆፈር የሚቆረጠው ሥር ግን ከግንዱ እጅግ ቀርቦ መሆን የለበትም፤ ቢያንስ የግንዱን ውፍረት አምስት እጥፍ ያህል መራቅና በአንድ ጎን ብቻ መቁረጥ ያስፈልጋል። አለዚያ ከነፋሱ በኩል ያለው መያዣ ተቆርጦ ዛፉ ከስንጥቅ ለማዳን በታሰበው ቤት ላይ ራሱ ይወድቃል። በደጋው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነፋስ የታወቀ ስለሆነ ይህ ሥራ ከነፋሱ ወራት በፊት ሳይሆን በኋላ ቢሠራ ይመረጣል።

ባሕር ዛፍ ከሆነና መቆረጡ ከተወሰነ ጉቶው ካልተነቀለ በስተቀር ያቆጠቁጣል፤ አንዱ ግንድ ሦስትና አራት ሆኖ ይመለሳል፣ ውሃ መጠጣቱንም ይቀጥላል። ሜዳ ላይ ከሆነ ቆፍሮ ማውጣት፣ ካልተቻለ ቅርፊቱን እስከ መሬት ልጦ በአፈርና በጥቁር ላስቲክ መሸፈን፣ የሚወጣውንም ቡቃያ ሳይጠነክር ደጋግሞ መቁረጥ ያደክመዋል። ጉቶው ተነቅሎ የሚቀረው ጉድጓድ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየተጠቀጠቀ በአፈር መሞላትና ከዙሪያው መሬት ትንሽ ከፍ ብሎ መዘጋት አለበት፤ ልል ሆኖ ከተተወ የሚቀጥለው ክረምት ውሃ በመሠረቱ ጎን የሚቋጥርበት ኩሬ ይሆናል።